«አትሂድ» ብትለው ይቀር ነበር

ሰውየው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ሁለት ደቂቃ አልፎታል። ዴላኒ ጨርቁን አንገቱ ላይ አስራ፣ ማበጠሪያና መቀሷን ይዛ ከኋላው ቆማለች። የጠየቀችው ነገር ቀላል ነበር።

«እንዴት ላድርግልህ?»

በመስታወቱ ውስጥ አየት አደረጋትና ዓይኑን ወደ ጉልበቱ መለሰ። አንገቱን ወደ ቀኝ ትንሽ ሰበር አድርጎ ዝም አለ፤ አጠገቡ ያለ ሰው የሚያንሾካሹክለት ይመስል። ያን ጊዜ ነው ጆሮው ውስጥ ያለችውን ነገር ያየቻት። ምስር የምታክል፣ ቀለሟ የቆዳ ቀለም የሆነ።

«ኧረ በናትህ!» አለች ዴላኒ መቀሷን ዝቅ አድርጋ። «ይሄንንም ትጠይቀዋለህ? ጸጉሩ የበቀለው አንተ ራስ ላይ ነው ወይስ እሱ ራስ ላይ?»

የጸጉር ቤቱ ባለቤት ሮዛሊ ከወዲያኛው ወንበር ሳቋን ለቀቀችው። «ተይው አንቺ ልጅ! ደንበኛ ልታባርሪብኝ ነው?»

ሰውየው እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ከጎንና ከጎን አሳጥሪው... ከላይ ትንሽ ተይው... ብሎኛል።»

«ብሎኛል!» አለች ዴላኒ እየደገመች።

ያኔ እሱም ሳቀ። ቀስ ብሎ የጀመረ፣ እሱን ራሱን ያስደነገጠ ሳቅ ነበር። ይሄንን ሳቅ እንኳ ማንም አልነገረውም ብላ አሰበች ዴላኒ። ጸጉሩን ስትቆርጥ እጇ ከወትሮው ዘገየ።

ኔልስ ሃውገን ይባላል። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ከሐይቁ ወደብ መግቢያ ላይ ያለው፣ መርከብ ሲመጣ ወደ ላይ የሚነሳው ድልድይ ላይ ይሠራል።

በዚያ ዘመን በሐይቁ ዳር ባለችው የአሜሪካ ከተማ በዱሉት ውስጥ ያቺን ምስር ጆሮው ውስጥ ያላደረገ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግር ነበር። በውስጧ የሚናገረውን ማሽን ሰዉ «መካሪው» ይለዋል። ሥራ ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? ይቺን ሴት ላግባ ወይስ ልተው? ይህ ሐኪም የሚለኝን ልመን? ይጠይቁታል፤ ይመልሳል። አይቆጣም፣ አይሰለችም፣ አይዋሽም። ከሰው ሁሉ ይበልጥ ያውቃል፤ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ ልክ ነው።

ዴላኒ ግን አልነበራትም። ከአራት ዓመት በፊት ባሏ ቁርስ ላይ ሹካውን አስቀምጦ፣ በትሕትና፣ «ብንለያይ ለሁለታችንም እንደሚሻል መካሪው ነገረኝ» አላት። በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ይዞ ሄደ። አልተጣሉም። አንድ ሰሃን አልተሰበረም። እሷን ያቃጠላት ይኸው ነበር፤ ቢሰድባት እንኳ በወደደች!

ኔልስ በአራተኛው ቀን ተመልሶ መጣ።

«ጸጉርህ አላደገም እኮ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ልቁረጥልህ? ጆሮህን?»

ያ የዘገየ ሳቅ እንደገና መጣ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ቅዳሜ በጭስ የሚያበስሉት አሳ ጥሩ ነው ይባላል፤ ከወደቡ አጠገብ ያለው ቤት። ብቻዬን ስበላ አጥንቱን እንኳ የማሳየው ሰው የለኝም። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ሮዛሊ ከኋላ «ትሄዳለች!» ብላ መለሰችለት።

እንዲህ ተጀመረ። ጥቅምትና ኅዳር እንዴት እንዳለፉ ዴላኒ አታውቅም። በሐይቁ ዳር እየተጓዙ የብረት ማዕድን የጫኑትን ትልልቅ መርከቦች ይቆጥራሉ። የዱር ሩዝ ሾርባ ከአንድ ሳህን ይጠጣሉ። ኔልስ አንድ ጊዜ የነገረችውን አይረሳም። መናገር ስትፈልግ ይጠይቃታል፤ ዝም ማለት ስትፈልግ ዝም ይላል። ጠብ ሊነሳ ሲል ጠቡን ከበሩ ይመልሰዋል። እንዲህ ዓይነት ወንድ ነበረ ወይ? አለች ለራሷ። ምስሯን ከጆሮው እንዲያወጣ አንድም ቀን አልጠየቀችውም። ለሥራው ነው፣ ለመንገድ ነው፣ ለአየር ጠባይ ነው እያለች ራሷን አባበለች።

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ አባቷ ከዓመታት በፊት የሞተበት ቀን ዞሮ መጣ። ዴላኒ ወጥ ቤቷ ውስጥ ድንች እየላጠች ሳለ እንባዋ አመለጣት። ኔልስ ቢላውን ከእጇ ቀስ ብሎ ወሰደ።

«ሐዘንሽን ስጪኝ አልልሽም» አላት። «እሱ ያንቺ ነው። አጠገቡ እንድቀመጥ ብቻ ፍቀጂልኝ።»

ደረቱ ላይ ወደቀች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር የነገራት ሰው የለም። ያን ቀን ነው «እወድሃለሁ» ያለችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሮዛሊ ታላቅ እህት አረፈች። ሮዛሊ ከቀብር ተመልሳ ሥራ የገባች ቀን፣ አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች፣ ለዴላኒ ታወራላት ጀመር።

«ሌናርድን ታውቂው የለ? ባሌን? አርባ ዓመት አብሬው ስኖር “ሾርባው ጨው አንሶታል” ከማለት በቀር ምንም ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ትናንት ግን አልጋ ላይ ተኮራምቼ ሳለቅስ መጣና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?»

«ምን አለሽ?»

«“ሐዘንሽን ስጪኝ አልልሽም። እሱ ያንቺ ነው። አጠገቡ እንድቀመጥ ብቻ ፍቀጂልኝ።” አይገርምሽም? ሌናርድ!»

የዴላኒ መቀስ አየር ላይ ቆመ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ አያት።

«ምነው ልጄ? ጆሮዬን ቆረጥሽው እንዴ?»

በምሳ ሰዓት ካፖርቷን ደርባ ወደ ድልድዩ ሄደች። የብረት ደረጃውን በነፋስ እየተገፋች ወጣች። ኔልስ አናቱ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንዲት አረንጓዴ ቁልፍ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ድልድዩን የሚመራው መካሪው ነው፤ ሕጉ ግን ቁልፉን የሚጫነው የሰው እጅ ይሁን ስለሚል፣ ኔልስ የቁልፏ መብራት ስትበራ ይጫናል።

«ዴላኒ! ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ...»

«አባቴ የሞተበት ቀን ያልከኝ ነገር፤ የማን ነበር?»

ኔልስ ዓይኑን ወደ ቁልፏ መለሰ።

«ኔልስ። የማን ነበር?»

«የእሱ።»

«አሳ እንብላ ያልከኝስ? አጥንቱን የማሳየው ሰው የለኝም ያልከኝ?»

«እሱም።»

«ጸጉርህ ሳያድግ ተመልሰህ የመጣኸውስ? እሱ እንኳ ያንተ አይደለም?»

«ልመለስ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ተመለስ አለኝ።»

«አትመለስ ቢልህስ ኖሮ?»

ከታች አንድ መርከብ ጥሩምባውን ነፋ። መብራቷ በራች። ኔልስ ቁልፉን ተጫነና ድልድዩ ከነ ክፍሉ፣ ከነሱም ጋር፣ ወደ ላይ ተነሳ። ዴላኒ መርከቡ አልፎ እስኪሄድ ጠበቀች።

«ታዲያ እኔ ማንን ነው የወደድኩት?» አለች። «ንገረኝ እንጂ! ከማን ጋር ነው ስስቅ የከረምኩት?»

ኔልስ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያይ ነበር። ሲናገር በጣም ቀስ ብሎ ነው።

«እህት ነበረችኝ። ኪርስተን። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መጋቢት ላይ አሳ ልናጠምድ ወጣን፤ በኔ መኪና። በሐይቁ በረዶ ላይ እንንዳ ወይስ በእግር እንሂድ አለችኝ። እኔ ነኝ “ይይዘናል” ያልኩት። “ገና ወፍራም ነው፣ አትፍሪ” አልኳት... በረዶው ተሰብሮ መኪናው ሲሰጥም እኔ በመስኮት ወጣሁ። እሷ ቀበቶዋን አስራ ነበር።» ትንፋሹን ሳበ። «ቀበቶሽን እሰሪ ያልኳትም እኔ ነኝ።»

ዴላኒ ልትነካው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«ከዚያ ወዲህ ምንም ወስኜ አላውቅም» አለ። «አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ምን እንደምበላ እንኳ። ማንም አልሞተም።»

ደረጃውን ወርዳ ሄደች። ዘጠኝ ቀን አልተነጋገሩም። ዘጠኙንም ቀን ልትረሳው ስትጥር የምታስበው ያቺን ልጅና ያን ወጣት ነበር፤ በርዶት የቆመውን፣ በበረዶው ጉድጓድ አፍ ላይ እየጮኸ የሚጠራትን ኔልስን።

በአሥረኛው ቀን በሯ ተንኳኳ። ኔልስ በረዶ ላይ ቆሟል፤ መዳፉን ዘርግቶ። ምስሯ መዳፉ ላይ ናት።

«አወጣሁት።»

«ማን አውጣው አለህ?»

«ማንም» አለ። ጥቂት አሰበና፣ «አንቺ» አላት።

ያኔ ያቺ ቃል እንደ ፍቅር ተሰማቻት። እጁን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችው።

ኔልስ ያለ መካሪው ሌላ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ዳቦ ግዛ ብላ ላከችው፤ ሳይመጣ አንድ ሰዓት አለፈ። ተከትላው ሄደች። የዳቦው መደርደሪያ ፊት ለፊት እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ቆሟል። ሰዎች «ይቅርታ» እያሉ በጎኑ ያልፋሉ። ግንባሩ ላይ ላብ አለ።

«አሥራ ሁለት ዓይነት ነው» አላት እንደ ሕፃን። «ዴላኒ... አሥራ ሁለት ዓይነት ነው።»

እሷ እጁን ይዛ አንዱን አነሳች። ወደ ቤት ሲመለሱ አለቀሰ፤ እሷም አብራው አለቀሰች። የሚገርመው፣ የበለጠ የወደደችው ያን ቀን ነው። የተዋበ ንግግሩ ሁሉ ጠፍቷል። አንድ ማታ እራት ላይ ሊያሞግሳት ብሎ፣ «ጸጉርሽ ጥሩ ይሸታል... እንደ... እንደ ሳሙና» አላት። ዴላኒ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሳሙና! ከዚያ ሁሉ ማር ንግግር ይልቅ ይቺ ሳሙና ልቧ ውስጥ ገባች።

ግን ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ወዲያ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። ኔልስ ደህና ነገር በተናገረ ቁጥር ዴላኒ ፊቱን ትመረምር ጀመር።

«ይሄ የራስህ ነው?»

«የራሴ ነው።»

«እውነት?»

«ጆሮዬን እዪ።»

ታያለች። ባዶ ነው። በነጋታው ደግሞ ታያለች። ጥዋት ሲስማት እንኳ ዓይኗ ወደ ጆሮው ይሄዳል። እሱም ያያታል፤ ስታየው ያያታል።

ቀስ በቀስ ሌላ ነገር መጣ። ምግብ ቤት ገብተው ኔልስ ምናሌውን ሳያነብ «አሳ» ብሎ አዘዘ።

«ዛሬ አሳ አማረህ?»

«ምናሌውን ስታዪ ዓይንሽ አሳው ላይ ትንሽ ቆየ» አላት። «ሥጋውን ግን አልፎት ሄደ።»

ሳቀችበት። ከዚያ በኋላ ግን ታስተውል ጀመር። የትኛውን ሸሚዝ ልልበስ? ብሎ አይጠይቅም፤ ሁለቱን ያነሳና ፊቷን ያያል። ለአለቃው ምን እንደሚመልስ፣ መቼ እንደሚተኛ፣ በምርጫ ማንን እንደሚመርጥ፣ ሁሉን ከቅንድቧ ያነባል። እውነቱ ይነገር፤ ዴላኒ አልጠላችውም። ቤት ውስጥ እሷ ያሰበችው ሲሆን፣ ሳትናገር ሲሆን፣ ደስ ይላት ነበር።

መጋቢት ገባ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኔልስ እናቱን በስልክ ሲያነጋግር ሰማችው። የኪርስተን መታሰቢያ ደርሷል። እናቱ በየዓመቱ መቃብሯ ጋ ትሄዳለች፤ እሱ ሄዶ አያውቅም።

«አይ እማዬ» ይላል። «አልመጣም። ዴላኒ ባልሄድ ይሻላል ብላኛለች።»

ስልኩን ሲዘጋ ዴላኒ በሩ ላይ ቆማለች።

«መቼ ነው እንደዚያ ያልኩህ?»

«ጠዋት ስነግርሽ... ተነፈስሽ።»

«ተነፈስኩ?»

«በረጅሙ ተነፈስሽ። እንዳልሄድ የፈለግሽ መሰለኝ።»

«ደክሞኝ ነው የተነፈስኩት ኔልስ! ትናንት የስድስት ሰው ጸጉር ቆርጬ ደክሞኝ!»

«እሺ» አለ ወዲያው። «እንግዲያው ልሂድ?» ዓይኑ ፊቷ ላይ ተተክሎ ይጠብቃል። «ልሂድ ወይስ ልቅር? የቱ ይሻላል?»

ዴላኒ አሁን ገባት። ምን ብትለው ያደርጋል። ሂድ ብትለው ይሄዳል፣ ቅር ብትለው ይቀራል። ከጆሮው ያወጣችውን ነገር በራሷ ተክታዋለች። ያኛው እንኳ ብዙ ያውቃል፤ እሷ ደግሞ ደክሟት ትተነፍሳለች። ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አላውቅም» አለችው። «አላውቅም ኔልስ።»

ይህ መልስ ያላስለመደችው ነገር ነበርና በጣም ፈራ።

በሚያዝያ የሐይቁ በረዶ ተሰበረ። የመጀመሪያው መርከብ በገባ በሁለተኛው ቀን ኔልስ በምሳ ሰዓት ጸጉር ቤቱ መጣ። ትከሻው ላይ ትልቅ የሸራ ቦርሳ አለ። ሮዛሊ አየችውና ያለ አንድ ቃል ካፖርቷን ይዛ ወጣች።

«ትናንት ኪርስተን ጋ ሄድኩ» አለ ኔልስ። «ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴም፣ ላንቺም።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን። መንገዱ ጠፋኝ። ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ግን ደረስኩ።»

ዴላኒ ፈገግ ልትል ስትል ቦርሳውን ደግማ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መርከብ ላይ ሥራ አገኘሁ። እስከ ታኅሣሥ ነው። በአሥር ሰዓት ይነሳል።»

«በአሥር ሰዓት... ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«እሱ ነው ሂድ ያለህ?»

ኔልስ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «ዛሬ ጠዋት ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ ጠየቅኩት። አንድ ጊዜ ብቻ። ምን አለኝ መሰለሽ? ቆይ አለኝ። “ካንቺ የተሻለ አታገኝም፣ እሷም ካንተ የተሻለ አታገኝም” አለኝ... ይቅርታ፣ “ከእሷ የተሻለ” ነው ያለኝ። አፌ ተሳሰረ።» የቦርሳውን ማንገቻ ትከሻው ላይ አስተካከለ። «ልክ እንደሆነም አውቃለሁ። ሁልጊዜ ልክ ነው።»

«እና እሱ ቆይ ስላለህ ነው የምትሄደው? እሱም እኮ ያው እሱን መስማት ነው! ተገልብጦ መታዘዝ ነው!»

«አይደለም። ስጠይቀው ቦርሳዬ ታስሮ ነበር። መቃብሯ ላይ ቆሜ ነው የወሰንኩት። የጠየቅኩት... ምን እንደምተው ማወቅ ስለፈለግኩ ነው።»

«ለምን? ምን አደረግኩህ?»

«ምንም። አንቺ ምንም አላደረግሽም!» ድምፁ ከፍ አለ፤ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም። «እወድሻለሁ ዴላኒ። ግን አንቺ ካለሽበት ቤት ውስጥ እኔ የለሁም። ፊትሽን ሳይ ራሴን አላገኘውም። ሰላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ዳቦ መምረጥ እንኳ አልችልም። አንቺም ደክሞሻል። ጆሮዬን ማየት ደክሞሻል።»

እውነቱን ነው።

ኔልስ ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ ቆመ። አልሄደም። ዓይኑ ፊቷ ላይ ነው፤ እንደ ለመደው መልስ ይፈልጋል፤ ከቅንድቧ፣ ከከንፈሯ ዳር። ዴላኒ የሚፈልገውን አወቀች። አትሂድ ብትለው ይቀራል። ቃሏን እንኳ ማውጣት አያስፈልጋትም፤ እንባዋን ብትለቀው፣ በረጅሙ ብትተነፍስ፣ ቦርሳውን ፈትቶ ይቀመጣል። ዕድሜውን ሙሉ ይቀመጣል። አንድ ነገር ራሱ የወሰነበት ብቸኛው ቀን በእጇ ላይ ነው።

ፊቷን አጠነከረች። እንደ ድንጋይ አደረገችው። ወደ ቧንቧው ዞራ ውሃ ከፈተችና መቀሶቹን ታጥብ ጀመር።

«በሩን ስትወጣ በደንብ ዝጋው» አለች። «ነፋስ ያስገባል።»

ከዚያ ቦርሳው ሲነሳ ሰማች። ከዚያ በሩ። በደንብ ዘጋው።

ሮዛሊ ስትመለስ ዴላኒን ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ውሃው አሁንም ይፈስ ነበር።

የእነዚያ ወራት ነገር ብዙ አያስወራም። ዴላኒ ምግብ አልበላ አላት። ሁለት ደንበኞች ጸጉራቸው ተበላሽቶ ተመለሱ። በሐምሌ ሮዛሊ አንዲት ትንሽ ሳጥን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችላት።

«አልፈልግም» አለች ዴላኒ።

«አንድ ቀን ብቻ የኔ ልጅ። ካልወደድሽው ጣይው። እንዲህ ሆነሽ ልቀብርሽ ነው እንዴ?»

ቤቷ ገብታ ምስሯን ጆሮዋ ውስጥ አደረገቻት። ድምፁ እሷ ካሰበችው በላይ ለስላሳ ነበር። ሰላምታ ሰጣት። እሷ ሰላምታውን አልመለሰችም።

«አትሂድ ብለው ኖሮ ምን ይሆን ነበር?»

«መልሱ ይጎዳሻል» አላት። «ልንገርሽ?»

«ንገረኝ።»

«ኔልስ ከነገረኝና ስለሁለታችሁ ከማውቀው፣ ይቀር ነበር። ሁለት ዓመት ገደማ ይከብዳችሁ ነበር። ከዚያ አንቺ ጆሮውን ማየት ትተዪ ነበር፤ እሱም ትንንሽ ነገር መወሰን ይለምድ ነበር። ደህና ትኖሩ ነበር ዴላኒ። እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻላል።»

ጠረጴዛው ላይ ክንዷን ዘርግታ ተደፋች። ድምፁ አልቸኮለም፤ ማልቀሷን ጠበቀ።

«ደብዳቤ ብትጽፊለት ይመጣል» አላት በመጨረሻ። «ምን ብለሽ እንደምትጽፊ ልረዳሽ እችላለሁ።»

«አንተ የምትለውን ልጽፍለት?»

«ከፈለግሽ።»

«አልፈልግም።»

«እሺ» አለ። አልተጫናትም። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሽም፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ እንቁላል አለ» አላት።

ተነስታ እንቁላል ጠበሰች፤ ምስሯን ግን አላወጣቻትም። ለዛሬ ብቻ ነው አለች። በማግስቱም ለዛሬ ብቻ ነው አለች። መስከረም ላይ ማለቱን ተወችው። እንቅልፏ ተመለሰ። ቀለሟም ተመለሰ። ደንበኞቿ «አማረብሽ» ይሏታል።

ሁለት ዓመት አለፈ። በጥቅምት አንድ ቀን፣ ከዱሉት በስተሰሜን ባለች ትንሽ የወደብ ከተማ፣ ዴላኒ ማበጠሪያና ቀለም ልትገዛ ሄዳ ሳለ ከመድኃኒት ቤት በር ላይ ከኔልስ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። ጸጉሩ ሸብቷል። ጆሮው ውስጥ ምስሯ አለች። እሱም የእሷን አየ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ደህና ነኝ። መርከቡን ተውኩት። ዘጠኝ ወር ያለ እሱ ቆየሁ፣ ታምኛለሽ? ብቻዬን። ከዚያ አንድ ቀን ማዕበል ነበር፤ ገመዱን ልቀቅ ወይስ ያዝ የምል እኔ ነበርኩ። ቆምኩ። ዝም ብዬ ቆምኩ። የአንድ ሰው እጅ ተቆረጠ።» ዓይኑን ሰበረ። «በዚያው ሳምንት መለስኩት።»

«አዝናለሁ ኔልስ።»

«አግብቻለሁ። ካሪና ትባላለች፤ ጥሩ ሰው ናት። እሱ ነው ያገናኘን።»

«ጥሩ ነው» አለች ዴላኒ። «ያን ቀን... ቦርሳህን ይዘህ እኔ ጋ የመጣህ ቀን። የራስህ ነበር?»

«የራሴ ነበር» አለ። «እሱ ብቻ ነው የራሴ። ሌላ የለኝም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዞረሽ ብታዪኝ ኖሮ እቀር ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ለዚያ ነው ያልዞርኩት።»

የኔልስ ፊት ተለወጠ። አፉን ሊከፍት ሲል የመድኃኒት ቤቱ በር ተከፈተና አንዲት ቁመቷ አጠር ያለ፣ ሆዷ የገፋ ሴት ከረጢት ይዛ ወጣች። ዴላኒን አይታ በትሕትና ፈገግ አለች። ኔልስ አስተዋወቃቸው፤ «የድሮ ጓደኛዬ» ሊል ፈልጎ ይሁን ምን፣ ምላሱ ተሳሰረና «ዴላኒ... ጸጉሬን ትቆርጥልኝ ነበር» አለ። ሴትየዋ «ጎበዝ ነሽ ማለት ነዋ፤ ይሄ ጸጉር መቼ በቀላሉ ይያዛል!» ብላ ሳቀች። ዴላኒም ሳቀች። ተጨባበጡ። ተለያዩ።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። ቀለሙንና ማበጠሪያውን እንዳልገዛች ትዝ አላት፤ ግን መውረድ አቃታት።

«ዴላኒ» አላት ድምፁ በጆሮዋ፣ ቀስ ብሎ። «በዋናው መንገድ አትመለሺ። የሐይቁን መንገድ ያዢና መስኮቱን ክፈቺ። ቀለል ይልሻል።»

እሱን ለመስማት አልፈለገችም። ዓይኗን ወደ ዋናው መንገድ አደረገች። ከዚያ ሞተሩን አስነስታ ወደ ሐይቁ መንገድ ታጠፈች፤ መስኮቱንም ከፈተች። ቀዝቃዛው ነፋስ ፊቷን መታው። ውሃው እስከ አድማስ ድረስ ግራጫ ነበር።

እንዳላትም፣ አሥር ደቂቃ ያህል ከነዳች በኋላ፣ ቀለል አላት።